የእናቴ ጄራኒየም ከክረምቱ ወዲህ እየሞተብኝ ነው፣ ከምን ልጀምር?

በረንዳ_ጀሞ፣ ጥቅምት 12

ሰላም ቤተሰብ። ስለ ጄራኒየም የሚያውቅ ካለ እባካችሁ እርዱኝ፣ ጊዜ የለኝም።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ላይ ሁለት ጄራኒየም አለኝ። አንዱ ቀዩ ነው፣ እናቴ ደሴ ካለው ግቢያችን ቆርጣ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ በአውቶቡስ የላከችልኝ። ያ አበባ እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሮ በራችን ላይ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የነበረ ነው። ሁለተኛውን፣ ሮዙን፣ ባለፈው ጥር ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ገዛሁት። ቅጠሉ ወፈር ብሎ የሚያብለጨልጭ ነው፣ ወደ ታች ይንጠለጠላል።

እስከ ግንቦት ድረስ ሁለቱም ደስ ይሉ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ነው የተበላሹት። የቀዩ የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ከቅጠሉ ጀርባ ቡናማ ነጠብጣብ በክብ በክብ ተደርድሯል። ግንዱ ረዝሞ መላጣ ሆኗል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ነው ቅጠል ያለው። አንደኛው ቅርንጫፍ ደግሞ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ስነካው ላሽቋል። አበባ ካየሁ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ሮዙ ይሻላል፣ ግን ቅጠሉ ከጀርባው ትናንሽ እባጭ አውጥቷል፣ ስዳስሰው እንደ ቡሽ ይሻክራል።

ያደረግኩትንም ልንገራችሁ። በየቀኑ ጠዋት ውሃ አጠጣለሁ። ሁለቱንም የተከልኩት በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጄሪካን ነው። ከታች አልበሳሁትም፣ ምክንያቱም መጀመሪያ በስቼው ውሃው ከታች ያሉት ጎረቤቴ ያሰጡት ልብስ ላይ እየተንጠባጠበ ሁለት ጊዜ ተቆጡኝ፣ እውነታቸውንም ነው፣ ስለዚህ ጄሪካኑን ቀየርኩት። አጎቴ ከገጠር ያመጣው ዩሪያ ነበር፣ ነሐሴ ላይ ለቀዩ አንድ ማንኪያ ጨመርኩለት። ከዚያ በኋላ ቅጠል አበዛ እንጂ አበባ አላሳየኝም። በረንዳዬ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው።

እማዬ ለገና ትመጣለች። ስልክ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ አበባው ነው፣ እኔም ደህና ነው እላታለሁ። ይተርፋል ወይ?

ሳሪስ_አትክልት፣ ጥቅምት 12

እህቴ፣ ሌላውን ምክር ሁሉ ከመስማትሽ በፊት ዛሬ ማታ ጄሪካኑን ብሺው። ምስማር አግለሽ አምስት ስድስት ቦታ። ውሃ መውጫ የሌለው ዕቃ ውስጥ ጄራኒየም አይኖርም፣ በየቀኑ ስታጠጪውማ ጭራሽ። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ነው የበሰበሰው።

ለጎረቤትሽ ልብስ መፍትሔ አለው። ሰፋ ያለ ሳህን ወይም የድሮ የሻይ ትሪ ፈልጊ፣ ጠጠር ደልድይበት፣ ጄሪካኑን ጠጠሩ ላይ አስቀምጪው። ካጠጣሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትሪው ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ድፊው። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ እንደዚህ ሳደርግ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አንድም ሰው ጮኾብኝ አያውቅም። ወይ ደግሞ ከበረንዳ አውርደሽ መታጠቢያ ቤት ወስደሽ አጠጪው፣ ውሃው ጨርሶ ሲጠነፈፍ መልሺው።

ጡረተኛው_የእርሻ_ሰው፣ ጥቅምት 12

ልጄ፣ አበባሽ አልሞተም። ያቺ የጠቆረችው ቅርንጫፍ ግን አትድንም፣ እሷን እርሺያት። የቀሩት ጫፎች አረንጓዴ እስከሆኑ ድረስ የእናትሽ አበባ በእጅሽ ነው ያለው።

ይህ ተክል ከየት እንደመጣ ብታውቂ ግማሹ ጥያቄሽ ይመለስልሻል። እኛ ጄራኒየም የምንለው የበረንዳ አበባ በሳይንሱ ፔላርጎኒየም ይባላል፣ አብዛኛው ዝርያው የደቡብ አፍሪካ ነው። በፈረንጆቹ 1753 ሊኒየስ የተባለ ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር አንድ ላይ ጄራኒየም ብሎ መዘገበው። በ1789 ሌሪቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ለያቸው፣ የሰው አፍ ግን በድሮው ስም ቀረ። አበባው ረግፎ ዘር ሲይዝ እንደ ወፍ መንቁር ሹል ብሎ ይቆማል፣ ፔላርጎኒየም የሚለውም ሽመላ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የጄራኒየምም የፔላርጎኒየምም ዘመዶች በአገራችን ደጋ በዱር ይበቅላሉ፣ እንዲያውም በቦረና ስም የተሰየመ ፔላርጎኒየም አለ።

ይህን የምነግርሽ ለታሪክ ብዬ አይደለም። የመጣው ውሃ ቶሎ ከሚያሳልፍ፣ ድንጋይ ከበዛበት መሬት ነው። ግንዱን በሁለት ጣትሽ ጫን ብትዪው ወፍራምና ውሃ ያዘለ ነው፣ ለድርቅ የሚያስቀምጠው ስንቅ ነው። ስለዚህ ጥም ይችላል፣ የማይችለው ጥጋብን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አዲስ አበባ ላይ ዝናቡም ብርዱም አንድ ላይ ይመጣል፣ ፀሐይ የለም፣ አፈሩ አይደርቅም። አንቺ ደግሞ በላዩ በየቀኑ ጨመርሽበት።

ውሃ እንዴት እንደምታጠጪ ልንገርሽ። ቀን አትቁጠሪ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ አስገቢ። እርጥበት ከተሰማሽ ተዪው። ደረቅ ከሆነ እስኪፈስ ድረስ በደንብ አጠጪውና እንደገና እስኪደርቅ እርሺው። በበጋ ፀሐይ ላይ ያለ ትንሽ ማሰሮ በሦስት በአራት ቀን ሊጠይቅሽ ይችላል፣ በክረምት ግን ሁለት ሳምንትም ሊያልፍ ይችላል። በየዕለቱ ጠብ ጠብ ማድረጉ ነው የሚጎዳው። ውሃውን ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከግንዱ ሥር አፍስሺ፣ ጠዋት ከሆነ ደግሞ ይመረጣል።

ከቅጠሉ ጀርባ ያለው የክብ ነጠብጣብ የጄራኒየም ዋግ ነው፣ ፈንገስ ነው። ጣትሽን ብታሺበት ቡናማ ዱቄት ይይዝሻል፣ ያ ዱቄት ዘሩ ነው። ከፊት በኩል ስታዪው ቢጫ ነጥብ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ብዙ ሰው ምግብ አንሶት ነው ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የታመመውን ቅጠል በሙሉ ቀንጥሰሽ በፌስታል ቋጥረሽ ቆሻሻ ላይ ጣዪው፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪው። ቅጠሉ ካልረጠበ ፈንገሱ አይራባም፣ ስለዚህ ከዝናቡ ጠለል አድርጊው፣ ማሰሮዎቹንም አራርቂያቸው።

ሮዙ ላይ ያየሽው ሻካራ እባጭ ግን በሽታ አይደለም፣ ወደ ሌላውም አይተላለፍም። አየሩ ቀዝቅዞና ረጥቦ እያለ ሥሩ ቅጠሉ ከሚያወጣው በላይ ውሃ ሲጠጣ፣ የቅጠሉ ሕዋስ አብጦ ይፈነዳና እንደ ቡሽ ሆኖ ይደርቃል። የሚንጠለጠለው ዓይነት ይህ ይበዛበታል። የተበላሸው ቅጠል አይመለስም፣ ውሃ ስትቀንሺ አዲሱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ዩሪያው 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ለጤፍ ለስንዴ ነው እንጂ ለበረንዳ አበባ ብቻውን አይሰጥም። ቅጠሉን አሰፋው፣ ግንዱን አለሰለሰው፣ አበባውን አስረሳው። ከእንግዲህ አትጨምሪ። አዲስ ስትተክዪ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ወይም የደቀቀ ቀይ አሽ አደባልቂ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃዋል።

ቤቲ_22፣ ጥቅምት 13

እኔ ሁሌም ቅርንጫፉን ቆርጬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆመውና ላዩን በፌስታል ሸፍኜ መስኮት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ለሌሎች አበቦች ይሠራል፣ ጽጌረዳም አውጥቼበታለሁ። ሞክሪው።

ኮቃ_የነበርኩ፣ ጥቅምት 13

ቤቲ አትቀየሚኝ፣ ጄራኒየምን በፌስታል አትሸፍኑ። ውሃ ውስጥስ አንዳንዴ ሥር ያወጣል፣ ግን ሥሩ ስስ ነው፣ አፈር ሲገባ ይቸገራል። ፌስታሉ ግን ግንዱን ቶሎ ያበሰብሰዋል። የራሱ ውሃ በግንዱ ስላለው እንደ ጽጌረዳ መታፈን አያስፈልገውም።

እኔ ኮቃ አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ሰው ከኢትዮጵያ የሚወጣው ጽጌረዳ ብቻ ይመስለዋል። የጄራኒየም ቁራጭም ይወጣል። ሥር ያላወጣ፣ ትንሽዬ ጫፍ ነው፣ ተቆርጦ በፌስታል ታሽጎ በአውሮፕላን አውሮፓ ይሄዳል፣ እዚያ ሥር ያስወጡትና በጸደይ ለሰው በረንዳ ይሸጡታል። የእኛ ሥራ መቁረጥ ነበር። እናት ተክሉን እንዲያብብ አንፈቅድለትም ነበር፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደ አዲስ ጫፍ እንዲሄድ።

እዚያ የተማርኩትን ልንገርሽ። ምላጭ ወይም ስለታም ቢላ ያዢ፣ በአልኮል ጥረጊው፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄጂ ደግመሽ ጥረጊው። እጅሽንም ታጠቢ። በቢላና በእጅ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ አለ፣ እርሻው ውስጥ ከምንም በላይ የሚፈራው እሱ ነበር፣ አንድ ተክል ላይ ከታየ ስንቱ አብሮ ይነቀላል። ያንን የጠቆረ ቅርንጫፍ በነካሽበት ቢላ ጤነኛውን እንዳትነኪ።

ከዚያ ጤነኛ ጫፍ ምረጪ። አበባ ወይም እንቡጥ ካለው ቀንጥሺው። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ለክተሽ ከአንጓው፣ ቅጠሉ ከግንዱ ከሚወጣበት ቦታ፣ ሥር ወዲያው ቁረጪ። ከላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ትተሽ የታችኛውን አንሺ። ከቅጠሉ አጠገብ ግንዱ ላይ የተለጠፉ ትናንሽ ቅርፊት የመሰሉ ነገሮች አሉ፣ እነሱንም አንሺያቸው፣ መሬት ውስጥ ሲገቡ መበስበስ የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ቁስሉ ነጭ አረንጓዴ መሆን አለበት። መሐሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ካየሽ ከፍ አድርገሽ እንደገና ቁረጪ፣ ንጹሕ እስኪሆን።

አሁን ዋናው ነገር። ወዲያው አትትከዪው። ጥላ ቦታ ወረቀት ላይ አጋድሚውና ከጠዋት እስከ ማታ ተዪው፣ ቁስሉ ደርቆ ስስ ቆዳ ያበጃል። ቅጠሉ ትንሽ ሲጠወልግ አትደንግጪ። ከዚያ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር በሞላ የተበሳ ኩባያ ውስጥ በእንጨት ቀዳዳ ሠርተሽ ክተቺው፣ አንድ ጊዜ አጠጪና ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ አስቀምጪው። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። በቀስታ ሳብ ስታደርጊው እንቢ ካለሽ ይዟል ማለት ነው። ስድስት ቁረጪ፣ ሁሉም አይያዝም።

አያት_49፣ ጥቅምት 13

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። በረንዳዬ ወደ ሰሜን ነው ብለሻል። አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ናት፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላሽ ወደ ሰሜን ሲወድቅ አይተሽ ታውቂያለሽ። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ የአንቺ በረንዳ ጥላ ነው ማለት ነው። ፀሐይዋ ወደ ሰሜን የምትመጣው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰኔ ሲገባ ደመና ይጋርዳታል። ጄራኒየም እንዲያብብ በቀን ቢያንስ አራት አምስት ሰዓት፣ ከተገኘ ስድስት ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋል። ግንዱ ረዝሞ መላጣ የሆነው ብርሃን ፍለጋ ሲንጠራራ ነው።

ቤትሽ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ካለው እዚያ አዙሪው። ከሌለሽ ጎረቤት ጠይቂ፣ ወይም የኮሪደሩን ጫፍ፣ ወይም ጣራ ላይ የሚወጣ መንገድ ካለ። እኔ መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ የብረት ማስቀመጫ አሠርቼ ነው የቀየርኩት። በፊት በረንዳዬ ላይ ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሲሰጠኝ የነበረ ሳልሞን ቀለሙ ጄራኒየም ቦታ በለወጥኩ በሰባተኛው ሳምንት እንቡጥ አወጣ። ስታወጪው ግን በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አታፍጥጪው፣ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ብቻ አለማምጂው።

ሽቶ_ቅጠል፣ ጥቅምት 14

በነገራችን ላይ ቅጠሉን ሲያሹት እንደ ጽጌረዳ የሚሸተው ጄራኒየምስ? እሱም እንደዚሁ ነው የሚያዘው? ትንኝ ያባርራል ስለሚሉ ልጆቼ ክፍል ላስቀምጠው ፈልጌ ነበር።

ጡረተኛው_የእርሻ_ሰው፣ ጥቅምት 14

አያያዙ ያው ነው፣ አበባው ግን ትንሽ ትንሽ ነው፣ የሚፈለገው ለቅጠሉ ነው። ከቅጠሉ ዘይት ይወጣል፣ ለሽቶና ለሳሙና ይሆናል። ወንዶ ገነት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል እንዲህ ባሉ መዓዛማ ተክሎች ላይ ይሠራል። ትንኝን በተመለከተ ማሰሮ ውስጥ ቆሞ ብቻውን አያባርርልሽም እህቴ፣ ለልጆቹ አጎበር ስቀዪላቸው። ድመት ወይም ውሻ ካለሽም ቅጠሉን እንዳይበሉት፣ ሆዳቸውን ያውካቸዋል።

ደብረ_ብርሃን_ልጅ፣ ጥቅምት 14

ከእኔ አንድ ነገር ውሰጂ። ውርጭ። እኛ ጋ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሌሊቱ ጥርት ያለ ሰማይ ሲሆን ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የምናገኘው። ጄራኒየም ብርድ ይችላል፣ በረዶ ግን አይችልም። አንድ ሌሊት ውጭ የረሳሁት ጠዋት ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠበቀኝ። ስለዚህ ማታ ማታ ወደ ኮሪደር አስገባለሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አወጣለሁ። ጀሞ እንደኛ አይከብድም፣ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማሰሮውን ከበረንዳው ጠርዝ ወደ ግድግዳው አስጠጊው፣ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል።

የቅጠሉ ዳር ቀይ ወይም ሐምራዊ እየሆነ ከመጣም አትፍሪ። ሥሩ ሲበርደው ፎስፈረስ መሳብ ያቅተዋል፣ ቀለሙ የሚቀየረው ለዚያ ነው። የካቲት ሲመጣ ራሱ ይመለሳል። ማዳበሪያ አንሶት ነው ብለሽ እንዳትጨምሪ አደራ።

ሴንት_ፖል_ሚኒሶታ፣ ጥቅምት 15

ሰላም ከሚኒሶታ። ደሴ ስትዪ ልቤ ደነገጠ፣ እኔም እዚያው ደሴ ፒያሳ ነው ያደግኩት፣ የአክስቴ ቤት በር ላይ ያው ቀዩ ጄራኒየም በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተደርድሮ ነበር። ቆርቆሮው እየዛገ አበባው ግን ሁልጊዜ ይፈካ ነበር።

እዚህ ሰው በግንቦት ለእናቶች ቀን ጄራኒየም ገዝቶ በር ላይ ያስቀምጣል፣ ጥቅምት ላይ ብርዱ ሲመጣ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። እኔ መጣል አልቻልኩም። አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ያሳየችኝን ላካፍልሽ፣ ተክሉ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንድታዪ። የመጀመሪያው ውርጭ ሳይመጣ ከአፈሩ ነቅላ ሥሩን ታራግፍና በወረቀት ከረጢት ውስጥ ገልብጣ ምድር ቤት ጨለማ ውስጥ ታንጠለጥለዋለች። በወር አንድ ጊዜ አውጥታ ሥሩን ለአንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ትነክርና መልሳ ትሰቅለዋለች። ቅጠሉ በሙሉ ይረግፋል፣ ግንዱ የደረቀ ጣት ይመስላል። መጋቢት ላይ የሞተውን ቆርጣ ትተክለዋለች፣ ከዚያ በግንዱ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይወጣል። እኔ ባለፈው ዓመት አምስት ሰቅዬ ሦስቱ ተነሱልኝ። ምድር ቤቱ ግን ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ከሞቀ ይደርቃል።

ለአንቺ ይህ አያስፈልግሽም፣ አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ በሕይወት ይኖራል። ለመቁረጥ ግን እጅሽ አይፍራ። ያንን መላጣ ግንድ ግማሹን ብታወርጂው ከታች ካለው አንጓ ያቆጠቁጣል።

በረንዳ_ጀሞ፣ ጥቅምት 16

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ላስተማሩኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ሁሉንም አደረግኩት። ጄሪካኑን ስበሳው የወጣው ውሃ ጥቁር ነው፣ ሽታው እንደ ቆመ ኩሬ ነው። ተክሉን አውጥቼ ሥሩን ሳየው ግማሹ ቡናማ ሆኖ በጣቴ ሳብ ሳደርገው ቆዳው እየተላጠ ወጣ። ይህን ሁሉ ጊዜ በላዩ ውሃ ሳፈስበት እንደነበር ሳስበው አዘንኩ።

ሰባት ጫፍ ቆረጥኩ። አንዱ መሐሉ ቡናማ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ከፍ አድርጌ ስቆርጠውም ንጹሕ ስላልሆነ ጣልኩት። ስድስቱ አሁን ወረቀት ላይ ተጋድመዋል። ማታ እተክላቸዋለሁ። እናት ግንዱንም ከጤነኛው ሥር ጋር በአዲስ አፈር በሸክላ ማሰሮ ተክዬዋለሁ፣ ግማሹን አውርጄ። መኝታ ቤቴ ወደ ደቡብ መስኮት አለው፣ እስከ ዛሬ መጋረጃ ጥዬበት ነው።

አንድ ጥያቄ። ለገና ያብባሉ?

ኮቃ_የነበርኩ፣ ጥቅምት 16

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለገና አትጠብቂ። ሥር እስኪይዙ አንድ ወር፣ ከዚያ ወደ ማሰሮ ገብተው እስኪያብቡ ሌላ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ለጥምቀት አንዱ እንቡጥ ቢያሳይሽ ጥሩ ነው። እናት ግንዱ ሊቀድማቸው ይችላል። ማሰሮውን ሰፊ አታድርጊው፣ ጠበብ ሲልበት ነው ይበልጥ የሚያብበው፣ ሰፊ ዕቃ ውስጥ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም።

ሳሪስ_አትክልት፣ ጥቅምት 17

ማበብ ሲጀምር ደግሞ የደረቀ አበባ አታቆዪበት። አበባውን ብቻ ላዩን አትልቀሚ። ዘንጉን እስከ ታች ተከትለሽ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በአውራ ጣትሽ ወደ ጎን ገፋ ስታደርጊው ራሱ ቀጭ ብሎ ይወጣል። ዘር ለመያዝ ካልተወሽው ሌላ አበባ ያወጣል። ዘንጉ ተቆርጦ ከቀረ ግን ይሻግትና ግንዱን ይይዘዋል።

በረንዳ_ጀሞ፣ ኅዳር 19

ተመልሼ መጣሁ። ከስድስቱ ሁለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከሥር ጠቆሩ፣ ወዲያው አወጣኋቸው። አራቱ ይዘዋል። ትናንት አንዱን በቀስታ ሳብ ሳደርገው አልመጣም፣ ኩባያውን ገልብጬ ሳየው ከቀዳዳው ነጭ ሥር ብቅ ብሏል፣ ክር የሚያህል። እናት ግንዱ ላይ ደግሞ ሦስት ቦታ አዲስ ቅጠል ወጥቷል፣ ገና እንደ ተጠቀለለ ማራገቢያ ነው። ሮዙም አዲሱ ቅጠሉ እባጭ የለውም።

ለእማዬም እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። እሷ ቤት ቆርቆሮው ላይ የነበረውን ቀዳዳ አባቴ በምስማር እንደበሳው፣ ስትልክልኝ ይህን መንገር እንደረሳች ነገረችኝ። ለገና ስትመጣ ሌላ ቁራጭ ልትይዝልኝ ነው፣ ነጩን። አንዱን ችግኝ ደግሞ ከታች ላሉት ጎረቤቴ ልሰጣቸው አስቤያለሁ።

አራቱ አሁን አምስት አምስት ቅጠል አላቸው፣ ቀጥ ብለው ነው የሚያድጉት። ጫፋቸውን መቀንጠስ አለብኝ ወይስ ልተዋቸው?

ጡረተኛው_የእርሻ_ሰው፣ ኅዳር 19

እሰይ ልጄ! ቀንጥሺያቸው። መጀመሪያ ወደ ማሰሮ አዛውሪያቸውና አሥር ቀን ያህል ይልመዱ። ከዚያ የላይኛዋን ለጋ ጫፍ በጥፍርሽ ብቻ አንሺያት፣ ሦስት አራት ቅጠል ከታች ትተሽ። ከእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ቅርንጫፍ ይወጣል። መቀንጠሱ የመጀመሪያውን አበባ ሁለት ሦስት ሳምንት ያዘገይብሻል። አንዱን ሳትቀነጥሺ ተዪው፣ እሱ ቀድሞ ያብብልሽ። ነጩ ሲመጣ ደግሞ ለብቻው አቆዪው፣ የቅጠሉን ጀርባ ሳታዪ ከቀዩ ጋር እንዳታቀላቅዪው።